ስልሳ የእንጨት ወፎች

«ሚኒሶታ ባሕር የት አላትና ነው የባሕር ወፍ የምትጠብቂው?»

እናቴ ይህን ጥያቄ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ትጠይቀኝ ነበር፤ በተለይ ኢገን በሚባለው ከተማ ያለው ቤቷ እንግዳ ሲኖር። ከእንግዶቹ አንዷ ነርስ ናት፣ ሌላው የራሱ የጭነት መኪና አለው። የእነሱ ሥራ ስሙ እንደተጠራ ይገባል። የእኔ ግን «የባሕር ዳርቻ ወፎች ጥበቃና የመኖሪያ ሥፍራ ማጠናከሪያ ፕሮግራም ኃላፊ» ነበር። ስሙን ሳልጨርስ ሰዉ ወደ ምግቡ ይመለስ ነበር።

ነገሩ ቀላል ነው። ተርን የሚባሉ፣ ሰውነታቸው ነጭ አናታቸው ጥቁር የሆነ ወፎች አሉ። ብርዱን ሩቅ ደቡብ፣ በባሕር ዳርቻ ያሳልፉና ሜይ ላይ እንቁላል ለመጣል ወደ እኛ ሐይቆችና ወንዞች ይመጣሉ። የሚጥሉት ምንም ባልበቀለበት ጠጠር ላይ ነው። ውሃው እየሞላ ጠጠሩን ሲውጥባቸው እኛ ከፍ ያለ የጠጠር ደሴት እንሠራላቸዋለን። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። ሥራዬ ባብዛኛው መጠበቅ ነው፤ እኔ ደግሞ መጠበቅ ላይ ጎበዝ ሆኜ አላውቅም።

ያደግኩት ኢገን ነው። ትምህርቱን ፍለጋ ኔዘርላንድስ ሄጄ ሰባት ዓመት ቆየሁ። ስመለስ ቤተ ክርስቲያን አብረውኝ ይዘምሩ የነበሩት ሴቶች የልጆቻቸውን ጫማ ያስራሉ። «ማዕዶት፣ መጣሽ እንዴ? ልትቆዪ ነው?» ይሉኛል። መልሱን አላውቀውም ነበር። ሴንት ፖል አንድ ክፍል ተከራየሁ፤ ሻንጣዬን ግን፣ ነገ የምሄድ ይመስል፣ ለአንድ ዓመት ያህል ከአልጋው ሥር አላወጣሁትም።

ዋቁማን ያገኘሁት ፌብሩዋሪ ውስጥ ነው፤ ከሥራ ጉዞ ስመለስ ከአውሮፕላን ማረፊያው በያዝኩት ታክሲ። ከኋላ ተቀምጬ ለእናቴ «ደርሻለሁ እማዬ» ብዬ ስልኩን እንደዘጋሁ ሹፌሩ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ።

«ጀርባዬን ይቅርታ» አለኝ።

«ምን?»

«ሐበሻ መሆንሽን አላወቅኩም። ጀርባዬን ሰጥቼሽ እኮ ነው የምነዳው።»

«ሹፌር አይደለህ እንዴ? ዞረህ ልትነዳ ነው?»

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። በዚያ ሳምንት የሳቅኩት የመጀመሪያው ሳቅ ነበር።

«ለፈረንጆቹ ተጨንቄ አላውቅም» አለ። «የእኛ ሰው ሲገባ ግን ከበደኝ። አባቴ ቢያየኝ ይቆጣል።»

ከነቀምቴ ነው የመጣው፤ እዚያ የቤት ዕቃ ይሠራ ነበር። አሁን ብሉሚንግተን ከአባቱ ጋር ይኖራል። አባቱ ኩላሊታቸው ደክሞ በሳምንት ሦስት ቀን በማሽን ደማቸውን ይታጠባሉ፤ የሚያመላልሳቸው እሱ ነው። ሥራዬን ሲጠይቀኝ እንደተለመደው እንዲሰለቸው ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ዘወር አለ።

«ታዲያ ደሴቱ አዲስ ከሆነ ወፎቹ በምን ያውቁታል?»

ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ተርን ሌላ ተርን ከሌለበት እንደማያርፍ ነገርኩት። ስለዚህ የውሸት ወፎች እንደምናስቀምጥ፣ ድምፃቸውንም በድምፅ ማጉያ እንደምናሰማ፣ የፕላስቲኮቹን ግን በረዶ እንደሰባበራቸው።

«ስንት ያስፈልግሻል?»

«ስልሳ።»

«እንጨት ይሻላል» አለኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሺፍቱ በኋላ በጋራዡ ውስጥ ይጠርባል፤ እኔ የወፎቹን አናት ጥቁር እቀባለሁ። አባቱ ብርድ ልብስ ደርበው ከበሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን አንዷን ወፍ አንስተው ገለባብጠው አዩዋት።

«ልጄ፣ ይሄ ወፍ ይበላል?»

«አይ አባባ፣ አይበላም።»

«እንቁላሉስ?»

«እሱም አይበላም።»

«እና ለዚህ ነው ይሄ ሁሉ ድካም?» አሉና ወፏን በጥንቃቄ ወደ ቦታዋ መለሷት።

ዋቁማ ብዙ አያወራም። አንዳንዴ ቀና ስል ሲያየኝ አገኘዋለሁ፤ ዓይኑን አይሰብርም፣ ፈገግ ብሎ ወደ እንጨቱ ይመለሳል። በዚያ ዝምታ ውስጥ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ያልፋል። ወደ ሴንት ፖል ስመለስ ጣቶቼ ላይ የቀረውን ጥቁር ቀለም ቶሎ አላስለቅቀውም ነበር። አንድ ማታ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር አውጥቼ ቁምሳጥን ውስጥ አስገባሁት።

ኤፕሪል ላይ ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። እስከ ጁን 30 አንድ ጥንድ እንኳ ደሴቱ ላይ እንቁላል ካልጣለ ሥራው እዚህ ይዘጋል። እኔ ሉዊዚያና ወዳለው የባሕር ዳር ጣቢያ መዛወር እችላለሁ፤ መልሴን እስከዚያው ቀን ይጠብቃሉ።

ለዋቁማ ወደ ደሴቱ ስንሄድ ጀልባ ላይ ነገርኩት። ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ከሚባለው ከተማ በታች ወንዙ ሰፋ ብሎ ሐይቅ የሚመስልበት ቦታ ነው ደሴቱ ያለው።

«ወፎቹ ከመጡስ?» አለ።

«እቀራለሁ።»

መቅዘፉን አቆመ። «ለወፎቹ ብቻ?»

«ለወፎቹ ብቻ አይደለም።»

መቅዘፊያውን እንደገና ያዘ። ከዚያ «ከሆነማ ይመጣሉ» አለ፤ ልክ ደውሎ የጠራቸው ይመስል። «እኔ እንደሆንኩ አባቴን ትቼ የትም መሄድ አልችልም። አንቺ ግን ቅሪ።»

ሜይ 10 ደሴቱ ለሰው የሚዘጋበት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ወፎቹ እንዳይደነግጡ ማንም አይረግጠውም፤ ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የዚያን ቀን የእንጨት ወፎቹን ግማሽ እንደተከልን የድምፅ ማጉያውን ባትሪ መርሳታችንን አወቅን። ዋቁማን ከቀሪዎቹ ወፎች ጋር ትቼ ባትሪውን ላመጣ ሄድኩ። ስመለስ ዝናብ ጀምሮ ነበር። ባትሪውን አስገባን፣ ሸራ አለበስነው፣ የወፎቹን አቀማመጥ ሳላጣራ ተጣድፈን ወጣን።

በማግስቱ ከወንዙ ዳር ካለው የእንጨት መጠለያ በቴሌስኮፕ አየሁ። የእኔ ሠላሳዎቹ ሁሉም ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ነፋሱ ዞረዋል። እንደዚያ ነው መሆን ያለበት፤ እውነተኛ ወፍ ላባው እንዳይገለበጥ ፊቱን ለነፋስ ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። የዋቁማ ሠላሳዎቹ ግን ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ተያይተዋል። አንዳንዶቹ ክብ ሠርተው እንደ ማኅበርተኛ ተቀምጠዋል።

ደወልኩለት።

«ምንድነው ያደረግከው?»

«ምን አደረግኩ?»

«ወፎቹን! ለምን አዞርካቸው?»

«እ... እነሱ? የተኮራረፉ መሰሉኛ» አለ። «ሁሉም አንዱ ላንዱ ጀርባውን ሰጥቶ... ሰው እንደዚያ ይቀመጣል እንዴ?»

«ሰው አይደሉም ዋቁማ! የትኛዋ ወፍ ናት አሁን ይሄን አይታ የምታርፈው? የእኔ መቅረት እኮ የተንጠለጠለው በእነሱ ላይ ነው!»



«ሄጄ ላስተካክል» አለ።

«አይቻልም። ተዘግቷል።»

ዘጋሁበት። ቆይቶ ጽሑፍ ላከ፤ «አላወቅኩም ነበር። ቅዳሜ እመጣለሁ።»

መጣም። ቅዳሜ ቅዳሜ ታክሲውን ከመንገዱ ዳር ፓርክ አድርጎ መጠለያው ውስጥ አጠገቤ ይቀመጣል። ተናደድኩብህ አላልኩትም፣ ይቅር ብዬሃለሁም አላልኩትም። ድምፅ ማጉያው ከባዶው ደሴት ይጮሃል፤ ከመቶ የሚበልጥ ወፍ የሚንጫጫ ይመስላል፤ በቴሌስኮፑ ሲያዩት ግን የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ሰው የሌለበት ቤት ውስጥ ተከፍቶ እንደቀረ ሬዲዮ። የሜይ ቅዳሜዎች አለቁ። የጁንም የመጀመሪያዎቹ ሁለት አለፉ።

«ገና ነው» ይላል ዋቁማ።

«ገና አይደለም። የሚመጣ ቢሆን እስካሁን በመጣ ነበር።»

«ቀኑ እስኪደርስ ጠብቂ።»

አልጠበቅኩም። ጁን 19 ቀን ቢሮዬ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ የሉዊዚያናውን ደብዳቤ ፈረምኩና ላክሁት። አሥራ አንድ ቀን ይቀረኝ ነበር። ለምን እንደቸኮልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። የሚያስቀር ነገር ሳይመጣ ሲቀር ቁጭ ብሎ ማየት ከመሄድ ይልቅ አስፈራኝ። ሻንጣዬን ከቁምሳጥኑ አወጣሁ። ለዋቁማ ቅዳሜ በአካል እነግረዋለሁ አልኩ። ቅዳሜ ደረሰ፤ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ የያዘልኝን ሻይ ጠጣሁ፤ አልነገርኩትም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እናቴ ዘንድ ነኝ ብዬ ቀረሁ። ከቀትር በኋላ ስልኬ ጮኸ።

«መጡ!» አለ። «ማዕዶት፣ መጡ! ሁለት ናቸው። አንዱ ዓሣ ይዞ መጥቶ ለሌላዋ ሰጣት። በአፏ! እኔ ወዳስቀመጥኳቸው መሐል ገብታ ተኝታለች፣ አትነሳም። እንቁላል ነው አይደል? እንቁላል ነው በይኝ።»

«እንቁላል ይመስላል።»

«ቀኑ ስንት ነው ዛሬ? ሃያ ሰባት! ሦስት ቀን ይቀራል። ትቀሪያለሽ ማለት ነው!»

የእናቴ ሳሎን ውስጥ ቆሜያለሁ። እናቴ ከሶፋው ላይ ሆና ታየኛለች።

«ማዕዶት?» አለ ዋቁማ።

«ፈርሜያለሁ» አልኩት።

«ምኑን?»

«የሉዊዚያናውን። ከስምንት ቀን በፊት። ሳይን አድርጌ ልኬዋለሁ።»

ከስልኩ ውስጥ የድምፅ ማጉያው የወፍ ጩኸት ይሰማ ነበር። ከዚያ ጩኸት መሐል አንዷ እውነተኛ መሆኗን አሰብኩ።

«ባለፈው ቅዳሜም ታውቂ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«አውቅ ነበር።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ዋናው መሥሪያ ቤት ደወልኩ። በጣም ደስ አላቸው፤ ደሴቱ አይዘጋም። የእኔን ቦታ ግን ፊርማዬ እንደደረሳቸው ለሌላ ሰው ሰጥተውታል። እሺ አልኩ። ትንሽ ልከራከር እችል ነበር። እሱንም አላደረግኩም።

ኦገስት ላይ ዋቁማ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ወሰደኝ። የኋላውን በር ሊከፍትልኝ ሲል የፊቱን ራሴ ከፈትኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ። መንገድ ላይ ሦስት ጫጩቶች መብረር እንደጀመሩ ነገረኝ።

«የአንተ አቀማመጥ ይሁን የዘገየ ጥንድ ይሁን አይታወቅም» አልኩት። «ሳይንሱ አያውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አለ። «እኔ ብቻቸውን አይሁኑ ብዬ ነው።»

ሻንጣዬን አወረደልኝ። እጄን ያዘ፤ የቀለም ምልክት እንዳለበት እንደሚያጣራ ሁሉ ጣቶቼን አንድ በአንድ አየ። ከኋላው መኪኖች ጥሩምባ ነፉ።

ዞሬ መሄድ አቃተኝ። ሻንጣዬን እየጎተትኩ የኋሊት ተራመድኩ፣ ጀርባዬን ላለመስጠት። ከአንድ ትልቅ ሰውዬ ጋሪ ጋር ተጋጨሁ፤ ሰውዬው ተቆጣ። ዋቁማ ሳቀ። እየሳቀ ፊቱን በእጁ መዳፍ ሸፈነ። የመስታወቱ በር በመሐላችን እስኪዘጋ ድረስ እንደዚያው ሄድኩ።

አሁን ባሕር ያለበት ቦታ ነው የምሠራው። እናቴ ሥራዬ ገብቷታል። በየጸደዩ የውሸት ወፎቹን የምተክለው ራሴ ነኝ፤ ሁሉንም ወደ ነፋሱ። በመጨረሻ ሁለቱን መሐል ላይ ፊት ለፊት አዞራቸዋለሁ። ሠራተኞቼ አንድ ጊዜ «ተሳስተሻል» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። አላስተካከልኩትም።

ሜይ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዋቁማ አንድ ጽሑፍ ይደርሰኛል፤ ሌላ ቃል የለውም፣ ቁጥር ብቻ። አምና ሰባት ጥንድ ነበሩ። ዘንድሮ አሥራ አንድ። እኔም ቁጥሩን አይቼ ብዙ ጊዜ «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ እመልሳለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ግን እጄ ላይ ጥቁር ቀለም ነበር፤ ጻፍኩለት።

«መጠለያው ውስጥ ማን አጠገብህ ይቀመጣል?»

ሳያነበው አልቀረም። እስከ ማታ መልስ አልመጣም። ከዚያ አንድ ፎቶ ላከ፤ የእንጨቱ አግዳሚ፣ ቴሌስኮፑ፣ ከጎኑ ሁለት ብርጭቆ ሻይ። አንዱ አልተነካም።

ቁጭ ብዬ ረጅም ጊዜ አየሁት። ሻንጣዬ እዚህም ከአልጋዬ ሥር ነው።