ለሽፋን የተመረጠው ፎቶ

«ዓይናችሁን ግለጡ እንጂ!» አለች ኡምሀኒ ስልኳን ከፍ አድርጋ።

«እንዴት ብለን? ፀሐዩ እኮ እንባ በእንባ አደረገን!» አለ ሱፍያን፣ ሎሚ እንደመጠጠ ሰው ፊቱን ጨምድዶ።

የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች የመሰናበቻ መጽሔት ሊያወጡ ነው። የእያንዳንዱ ተማሪ ፎቶ ይኖርበታል። የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክበብ የማንሳቱን ሥራ ለኡምሀኒ የሰጣት ፎቶ ስለምትችል አይደለም፤ ከልጆቹ ሁሉ ጥሩ ስልክ ይዛ የመጣችው እሷ ስለሆነች ነው። ስልኩም ቢሆን የታላቅ ወንድሟ ነው።

የመጽሔቱ አዘጋጅና የኡምሀኒ የልብ ጓደኛ የሆነችው ዮዲ፣ የተነሱትን ፎቶዎች እያሳለፈች አየችና ሳቋ አመለጣት።

«ኧረ ኡምዬ! የሁሉም ዓይን ጉድጓድ ሆኗል። ሱፍያን ደግሞ ጢም ያበቀለ ነው የሚመስለው!»

ኡምሀኒ ፎቶውን ተቀብላ አየችው። ጢም የመሰለው የገዛ አፍንጫው ጥላ ነው። የቀትር ፀሐይ ከአናታቸው ላይ ወርዶ ሁሉንም አኮሳምኗቸዋል። ስልኩ ነው ችግሩ ልትል አፏን ስትከፍት፣ ሱፍያን ከሙቀቱ ሸሽቶ የቤተ መጻሕፍቱ በር ውስጥ ቆሞ አየችው። ፊቱ ላይ አንድም ጥላ የለም። ዓይኖቹ ውስጥ የግቢው ብርሃን ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«እንዳትንቀሳቀስ!» ብላ ሮጠች።

«ምን አጠፋሁ?» አለ ሱፍያን ደንግጦ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም በሩ ላይ ተነሱ። ወደ ውስጥ በጣም ሲገቡ ይጨልማል፤ ወደ ውጭ ሲወጡ ደግሞ ፀሐዩ ግንባራቸውን ያገኘዋል። ደፉን አለፍ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ውጭ አድርገው ሲቆሙ ግን ልክ ይመጣል። ዮዲ ነጭ ካርቶን ደረታቸው ሥር ስትይዝላቸው ደግሞ አገጫቸው ሥር ያለው ጥቁረት ይለሰልሳል።

አቋቋማቸው ግን አስቸገራት። ሁሉም ሰልፍ ላይ ያሉ ይመስል እጃቸውን ግጥም አድርገው ይቆማሉ። «ትከሻህን ወደ መደርደሪያው አዙር፣ ፊትህን ብቻ ወደኔ። አንድ እግርህ ላይ ዘና በል» ማለት ጀመረች። «ሳቅ በሉ» ስትላቸው የሚመጣው ፈገግታ የውሸት መሆኑን ስታይም እሱን ትታ፣ «ትናንት ኳሱን ማን አሸነፈ?» እያለች ሊመልሱላት ሲሉ ታነሳቸዋለች።

በመጨረሻ ተራው የቃልቤሳ ሆነ። ቃልቤሳ በልጅነቷ ወድቃ የፊት ጥርሷ ግማሹ ተሰብሯል። ስትስቅ እጇ ቀድሞ አፏ ላይ ይደርሳል።

«አፌን ዘግቼ ነው የምነሳው» አለች።

«እንደፈለግሽ።»

ቃልቤሳ ከንፈሯን ገጥማ ቆመች። ኡምሀኒ ስልኩን ስታስተካክል ድንገት ነፋስ ካርቶኑን ገልብጦ ዮዲ ፊት ላይ ለጠፈው። ዮዲ ምንም ሳይታያት ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሄዳ የቆሻሻ ቅርጫቱ ውስጥ ዘፍ አለች። ቃልቤሳ በሳቅ ፈረሰች፤ እጇንም ረሳችው። ኡምሀኒ ሳታስበው ጣቷ ማንሻውን ተጫነ።

ኡምሀኒ ገላን ኮንዶሚኒየም ያለው ቤቷ ገብታ ፎቶዎቹን ስታይ የቃልቤሳው ላይ ቆመች። ለስላሳው ብርሃን፣ ዘንበል ያለው አንገት፣ ፊቷን የሞላው ሳቅ፣ ሁሉም ነገር ልክ ነው። ይህን ያነሳችው እሷ መሆኗን ማመን አቃታት። ወዲያው ለሚኒ ሚዲያው የቴሌግራም ግሩፕ ላከችው።

«ያበደ ፎቶ!» ብላ ጻፈች ዮዲ። «ሽፋኑ ተገኘ!»

የሚኒ ሚዲያው ኃላፊ ቲቸር የሺዋስም ብዙ ሳይቆዩ፣ «በጣም ጥሩ ነው። ለሽፋን ይሁን። ነገ ረፋድ ማተሚያ ቤት እወስደዋለሁ» አሉ።

ኡምሀኒ በደስታ ሶፋው ላይ ዘለለች። ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ከነከናት። ቃልቤሳ ግሩፑ ውስጥ የለችም። የራሷ ስልክ የላትም፤ የምትጠቀመው በእናቷ ስልክ ነው፤ እናቷ ደግሞ አሁን ቂሊንጦ ፋብሪካ ፈረቃ ላይ ናቸው። ለዮዲ ደወለች።

«ቃልቤሳ እኮ አላየችውም።»

«ነገ ታየዋለች! ሰርፕራይዝ ይሆንላታል።»

«አፌን ዘግቼ ብላኝ ነበር።»

«አታካብጂ ኡምዬ። በጣም ነው የምታምረው!»

«ማማሩንማ ታምራለች።»

«ታዲያ?»

ኡምሀኒ ከሶፋው ተነሳች። ስልኩን ዘግታ ጫማዋን አደረገች።

«እማ፣ ኮዬ ፈጬ ቃልቤሳ ጋ ደርሼ ልምጣ።»

«ከመግሪብ በፊት እዚህ እንድትገኚ!» አሉ እናቷ ከጓዳ።

ቃልቤሳ ትንሹን ወንድሟን አዝላ በሩን ከፈተች። ኡምሀኒ ብዙም ሳታወራ ስልኩን ሰጠቻት። ቃልቤሳ ፎቶውን በሁለት ጣቷ አተለቀችው፤ አሳነሰችው፤ እንደገና አተለቀችው።

«እንዲህ ነው እንዴ የምስቀው?»

«ዮዲ ቅርጫት ውስጥ ስትገባ እንዲህ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ቃልቤሳ ቀና አለች። «ሌላ ማን አየው?»

«የሚኒ ሚዲያ ልጆችና ቲቸር የሺዋስ። ሳልጠይቅሽ ላክሁት። ይቅርታ። ሽፋን እንዲሆን ይፈልጋሉ።»

«አንቺስ?»

«እኔም ፈልጌያለሁ» አለች ኡምሀኒ። «ካነሳኋቸው ሁሉ እሱን ነው የምወደው።»

ቃልቤሳ ስልኩን መለሰችላት። «ያምራል። ግን ሁሉም ሰው እጅ ላይ እንዲሆን አልፈልግም። ለእናቴ ስልክ ላኪልኝ፤ እሷ ትየው።»

«በጣም እኮ ታምሪያለሽ» የሚለው ቃል ኡምሀኒ ምላስ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። ዓይኗ ወደ በረንዳው ሄደ። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ የፊት ለፊቱን ብሎክ ግድግዳ መታዋለች፤ ብርሃኑ ከዚያ ተመልሶ በረንዳውን ሞልቶታል።

«እሺ። እዚያ ቁሚልኝ።»

«አፌን ዘግቼ?»

«ዘግተሽ።»

ትከሻዋን ወደ ጎን አዞረቻት፤ አገጯን በትንሹ ዝቅ አስደረገቻት። የታዘለው ልጅ የእህቱን ሹሩባ ይዞ ጎተተ። ቃልቤሳ አፏ እንደተዘጋ ዓይኖቿ ሳቁ። ኡምሀኒ አነሳች።

ቃልቤሳ አየችው። «ይሄ ይሁን» አለች ወዲያው።

ኡምሀኒ ታክሲ ውስጥ መስኮቱን ተደግፋ ሁለቱን ፎቶዎች አስተያየቻቸው። የመጀመሪያው አሁንም ይበልጣል። ከግሩፑ ላይ ለሁሉም አጠፋችውና አዲሱን ላከች። ከሥሩ፣ «የቃልቤሳ ይሄ ነው። ያኛው ሽፋን ላይ አይወጣም። ለሽፋኑ ነገ በጠዋት ክፍሉን በሙሉ አነሳለሁ» ብላ ጻፈች።

ስልኩ እጇ ላይ ነዘረ፤ ዮዲ ናት። እንደገና ነዘረ። ኡምሀኒ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ወደ ረዳቱ ቀና አለች።

«ወራጅ አለ!»