የትንፋሽ ክፍል

ይህ የሆነ ነገር ነው። ከሰው የሰማሁት አይደለም... በእኔና በባለቤቴ ላይ የደረሰ ነው።

ሌሊትም አልነበረም። አስፈሪ ነገር የሚመጣው በጨለማ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች፣ ኮሪደሩ የፅዳት ሳሙና ይሸታል፣ ሰው ወጪ ወራጅ ይላል።

ቦታው የጤና ምርምር የሚደረግበት ማዕከል ነው።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ልንገራችሁ። ሶፋ ሠሪ ነኝ። ጥርጣሬን ደግሞ ከእናቴ ሆድ ይዤው ነው የወጣሁት። ባለሱቅ የመዘነልኝን ስኳር ቤት ወስጄ እንደገና የምመዝን፣ ሐኪም "ምንም የለብህም" ሲለኝ "ታዲያ ለምን ፈገግ አለ?" የምል ሰው ነኝ።

ባለቤቴ በዚህ ትስቅብኛለች። "አንተ እኮ የገዛ ጥላህን መታወቂያ ትጠይቃለህ" ትለኛለች።

ትለኝ ነበር... ብል ይሻላል።

ሁለታችንም ወፍራሞች ነበርን። እኔ አሁንም ነኝ። እሷን "ድንቡሼ" ነበር የምላት። ሰው ፊት እንደዚያ ስጠራት ዓይኗን ታፈጥብኝና ቤት ስንገባ "እስቲ ድገመው" ትላለች።

ምርምሩ ውስጥ የገባነው በፈቃዳችን ነው። ውፍረት ያለባቸውን ሰዎች ለብዙ ዓመታት እየተከታተሉ፣ ማንን ስኳር እንደሚይዘው፣ የማን ልብ እንደሚደክም፣ ማን ደግሞ እንደወፈረ በጤና እንደሚኖር ያጠናሉ። በየዓመቱ እንሄዳለን። ይመዝኑናል፣ ወገባችንን በሜትር ይለኩናል፣ ደም ይቀዱናል።

በመጨረሻ ደግሞ... ክፍሉ አለ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አልጋ፣ ወንበር፣ በአንድ በኩል ወፍራም መስታወት። በሩ ከተዘጋ አየር የሚገባውም የሚወጣውም በቱቦ ብቻ ነው። ውስጥ የተኛው ሰው የሚተነፍሰውን ማሽን ይለካል፤ ከዚያ ተነስተው ሰውነቱ ምን ያህል ምግብ እንደሚያቃጥል ያውቃሉ። የእኛ ሥራ ለጥቂት ሰዓታት ዝም ብሎ መጋደም ነው። ባለቤቴ "የዓመት ፈቃዴ" ነበር የምትለው።

ባለፈው ዓመት እኔ ቀድሜ ገብቼ ወጣሁ፤ እሷ ተከተለች። እንደ ልማዷ ገባች፣ እንደ ልማዷ ተኛች።

ስትወጣ ግን በሩ ላይ ቆም ብላ አየችኝ። አስተያየቷ ከብዙ ሻንጣ መሃል የራሱን የሚፈልግ ሰው ዓይነት ነበር።

"በየት በኩል ነው የምንወጣው?" አለችኝ።

በዚያ ኮሪደር ለዓመታት ተመላልሰናል... እንቅልፉ አልለቀቃትም ብዬ መንገዱን አሳየኋት።

ከዚያ መክሳት ጀመረች።

አበላሏ አልተቀየረም። ግን ከሳች። ጎረቤቶች "ምን ወስደሽ ነው? ለእኛም ንገሪን እንጂ" አሏት። እኔም መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

ማንኮራፋቷ ቆመ። የእሷ ማንኮራፋት ማለት ከወፍጮ ቤት አጠገብ መተኛት ነው። እሱ ሲቆም ፀጥታው እንቅልፍ ነሳኝ። ምርምሩን ለምትመራው ዶክተር ነገርኳት።

"ውፍረት ሲቀንስ ማንኮራፋትም ይጠፋል" አለችኝ። "ጥሩ ምልክት ነው።"

እጇ ቀዘቀዘ። "ስብ ሲቀንስ ብርድ ይሰማል" አለችኝ።

ስትራመድ ኮቴዋ አይሰማም። "ክብደቷ ቀንሶ ነዋ" አለችኝ።

ለሁሉም መልስ ነበራት። መልሱ ሁሉ ደግሞ ትክክል ይመስላል። እኔን የከነከነኝ ይኸው ነው።

በገዛ እጄ የሠራሁት ሶፋ ላይ ስትቀመጥ ግን ስፖንጁ ዝቅ አይልም። ድመት እንኳ ስትወጣበት ዝቅ ይላል። ይህንን ለዶክተሯ ብነግራት እኔኑ ወደ ሌላ ሐኪም እንደምትልከኝ ስለማውቅ በሆዴ ያዝኩት።

አንድ ቀን ልብስ እያጣጠፈች "ድንቡሼ" ብዬ ጠራኋት። አልዞረችም። ደግሜ ጠራኋት።

"እሱ የወፍራሟ ስም ነው" አለችኝ ቀና ሳትል። "እኔ ቀጭን ነኝ።"

የወፍራሟ... አለች። ስለ ሌላ ሰው እንደሚወራ።

እናቷ ልትጠይቀን መጣች። በር ላይ አቅፋ ሳመቻት። ከዚያ ቀስ ብላ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ብዙም አልተቀመጠችም። ስሸኛት ክንዴን ያዝ አድርጋ በሹክሹክታ፦

"ልጄ ደህና ናት?" አለችኝ።

"አሁን አቅፈዋት የለም እንዴ፣ እማማ?"

"አዎ" አለች። "ለዚህ ነው የምጠይቅህ።"

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ዝር አላለችም።

ጥርጣሬው ውስጤን በላኝ። ግን ለማን ልንገር? ሚስቴ ከሳች፣ ዝም አለች፣ ማንኮራፋት ተወች ብሎ ለሚያማርር ባል ማን ያዝንለታል? ጓደኞቼ "እድለኛ ነህ" ነው የሚሉኝ። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይቺ ሚስቴ ካልሆነች... ሚስቴ የት ናት?

የዘንድሮው ቀጠሮ ደረሰ።

ዘንድሮ ቀድማ የገባችው እሷ ናት። እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። ብዙም ሳልቆይ ቴክኒሻኑ በሩን ገርበብ አድርጎ በጣቱ ጠራኝ። መነጽር የሚያደርግ፣ ሥራ ላይ ማፏጨት የሚወድ ልጅ እግር ሰው ነው። ያን ቀን አያፏጭም። ማሽኑ ካለበት ክፍል አስገባኝና በሩን ዘጋ።

"ጋሼ... አንድ ነገር ልንገርዎ። ከእኔ ሰማሁ እንዳይሉ።"

"ምን ሆነች?"

"እሳቸው አይደሉም። ክፍሉ ነው።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሰው ሳይኖርበት የአንድ ሰው ትንፋሽ ያሳያል።"

"ተበላሽቶ ይሆናላ።"

"ማሽኑን ቀየርን። ቱቦውን ቀየርን። የበሩን ጎማ ሳይቀር ቀየርን። ያው ነው። ሰው ሲገባ የሁለት ሰው ያሳያል፤ አንዱን ቀንሰን እንይዛለን። ዶክተሯ 'ብልሽት ነው፣ አታውሩት' ብላናለች።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ባለፈው ዓመት እናንተ መጥታችሁ ከሄዳችሁ ጀምሮ።"

ወደ መስታወቱ ዞርኩ።

"ታዲያ አሁን... እሷ ውስጥ ናት። ሁለት ነው የሚለው?"

መነጽሩን አወለቀ። በጋዋኑ ጠርጎ መልሶ አደረገው።

"ከመግባታቸው በፊት አንድ ነበር" አለኝ። "ገቡ... አሁንም አንድ ነው።"

ወደ መስታወቱ ተጠጋሁ። አልጋው ላይ በጀርባዋ ተጋድማለች። ዓይኖቿ ክፍት ናቸው። ደረቷን አየሁ። ከፍ እስኪል ጠበቅሁ...

ጠበቅሁ...

አላለም።

ያኔ አንገቷን ቀስ ብላ አዞረችና በመስታወቱ በኩል ፈገግ አለችልኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ወጣች። ጫማዬን አውልቄ ልገባ ስል የእጄን አንጓ ያዘችኝ።

"ዘንድሮ ይቅርብህ" አለችኝ። "ደክሞሃል።"

"ተራዬ ነው።"

"እንሂድ ቤታችን።"

ዓመት ሙሉ "በላህ? ጠጣህ?" ብላኝ የማታውቅ ሴት፣ ያን ቀን ድካሜ አሳሰባት። እጄን አስለቅቄ ገባሁ። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ጆሮዬ ድፍን አለ።

መጀመሪያ የተኛችበትን አንሶላ ዳሰስኩት። ገና አሁን የተነሳችበት አልጋ ቀዝቃዛ ነው። ክፍሉ ግን ይሞቃል። ሙቀቱ የሚመጣው ከጥጉ፣ ከወንበሩ በኩል ነው። ወንበሩ ላይ ማንም የለም።

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። እያፈርኩ... ደግሞም እየፈራሁ...

"ድንቡሼ?" አልኩ።

ምንም የለም። ወዲያው ግን ቴክኒሻኑ ከውጪ የሚናገርበት ድምፅ ማጉያ ተንኮሻኮሸ።

"ጋሼ... አሁን ምን አሉ?"

"ምን ሆነ?"

"ቁጥሩ ዘለለ። የእርስዎ አይደለም፣ የሌላኛው። ሮጦ የመጣ ሰው ትንፋሽ ይመስላል።"

እንባዬ መጣ። ደብቄ የማልፈው ነገር አይደለም፤ አለቀስኩ። ዓመት ሙሉ ከማላውቃት ሴት ጋር አንድ ትራስ ስካፈል፣ የእኔዋ እዚህ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ሰው በገባ በወጣ ቁጥር እኔ የመጣሁ እየመሰላት ስትጠብቅ...

"እኔ ነኝ" አልኩ። "መጥቻለሁ። ልወስድሽ ነው።"

አንገቴ ላይ ሙቅ አየር ነፈሰ። አንዴ። ደግሞ አንዴ።

ያኔ መስታወቱ ላይ ጥላ አጠላ። ቀጭኗ መጥታ ቆመች። ፊቷን አስጠግታ ክፍሉን ታያለች። እኔን አይደለም... ከትከሻዬ በላይ ያለውን።

አንገቴ ላይ ያለው ሙቀት ቆመ።

"ቁጥሩ ወረደ" አለ ቴክኒሻኑ። "ጋሼ፣ የእርስዎ ብቻ ነው የቀረው።"

"ትንፋሿን ይዛ ነው" አልኩት።

"ማን?"

ለምን ትንፋሿን እንደያዘች ገብቶኛል። እሷም ፈርታታለች።

"በሩን ክፈትልኝ" አልኩ።

ተነሳሁ። ወደ ኋላ ሳልዞር ቀኝ እጄን ወደ ኋላዬ ዘረጋሁ። "ነይ" አልኩ በሹክሹክታ። "አይዞሽ። ቤታችን እንሂድ።"

መዳፌ ውስጥ እጅ ገባ።

ድቡልቡል ያለ፣ ሙቅ፣ ላብ ያራሰው እጅ ነው። የጋብቻ ቀለበቷ ጣቷ ላይ ጠብቆ ሥጋዋ ውስጥ ሰጥሟል። ሳልዞር አወቅኋት። ለመዞር ግን ድፍረት አጣሁ... ዞሬ ባዶ ባይ፣ እጁም የሚጠፋ መሰለኝ።

በሩ ተከፈተ። ቀጭኗ መሃሉ ላይ ቆማለች። ያን ያህል ቀጥናም በሩን ሞልታዋለች።

"የያዝከውን ልቀቅና ና" አለችኝ ረጋ ብላ።

"አልለቅም።"

"ይከብድሃል።"

"ለምጄዋለሁ" አልኳት።

ብዙ አየችኝ። ከዚያ ወደ ጎን ፈቀቅ አለች። በአጠገቧ ሳልፍ እጄ ውስጥ ያለው እጅ አጥንቴ እስኪያመኝ ጨበጠኝ። ከኋላዬ ቴክኒሻኑ "ክፍሉ ባዶ ሆነ..." ሲል ሰማሁት። ለእኔ ይሁን ለራሱ አላውቅም።

ታክሲ ውስጥ ቀጭኗ ከፊት ተቀመጠች። እኔ ከኋላ፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ።

አሁን ቤት ነኝ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። መኝታ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌያለሁ። ቀጭኗ ውጪ ቆማለች። ኮቴዋ ስለማይሰማ መቼ እንደመጣች አላውቅም፤ በበሩ ሥር ግን ጥላዋ ይታየኛል።

"አልደከመህም?" ትለኛለች በየመሃሉ።

ደክሞኛል። ክንዴ ዝሏል። ይህን ሁሉ የጻፍኩላችሁ በግራ እጄ ነው፤ ለዚህ ነው ፊደሉ የተዘበራረቀው። ቀኙን አልለቀቅኩም። እስክሞት አልለቅም።

ብቻ አንድ ነገር አለ...

መጻፍ ስጀምር ጣቷ ላይ ጠብቆ የነበረው ቀለበት፣ አሁን እየላላ ነው።