«ጠብቁ» ያለው ሰው

ጓድ አዛናው በመተማ እንግዳ ማረፊያ ከአልጋው ሥር ተደፍቶ፣ ሞቶ የተገኘው በ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.፣ የሰሊጥ አጨዳ በተጧጧፈበት ጥቅምት ነው። መንግሥት ሊያሠራው ያሰበው የካንሰር ሕክምናና ምርምር ማዕከል ተወካይ ነበር፤ ከቆላው ሕሙማንን እየመረጠ ይመዘግብ ነበር።

የፖሊሱ መቶ አለቃ ጀምበሩ ከገንዳ ውሃ ከተማ ሲደርስ ጠረጴዛው ላይ ከነጋዴው ሽኩር ሱቅ የመጣ ከርከዴ፣ ያ ቀዩ የሱዳን መጠጥ፣ በጆግ ሙሉ ቆሟል፤ ጉንዳን ወርሮታል። አጠገቡ ያለው ብርጭቆ ቀይ አተላ ቀርቶበት የሰሊጥ ተባይ መድኃኒት ይሸታል። ጀምበሩ ብርጭቆው ላይ አጎንብሶ ብዙ ቆየ።

«ከርከዴውን የላክሁ እኔ ነኝ» አለ ሽኩር፣ ላብ እያጠመቀው። «ወላሂ፣ ከስኳር በቀር ምንም አልጨመርሁበትም!»

«ባዳ ሰው አልገባም» አለ የሟች ሹፌር ደምለው። «የገባን እኔ፣ ሽኩርና ድሬሰሯ ብቻ ነን።»

የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሀብትነሽ ከል ለብሳለች፤ እህቷ አይናዲስ በጡት ካንሰር ከሞተች ገና አርባዋ መውጣቱ ነው።

«የሕሙማኑን ፋይል ሰጥቼው ወጣሁ» አለች። ዓይኗ ደረቅ ነው።

ጀምበሩ ጤና ጣቢያው ሄዶ የምርመራ መዝገቡን ገለበጠ። ተመልሶም ሦስቱን ሰበሰባቸው።

«ጆጉን ጉንዳን ወርሮታል፤ ብርጭቆውን ግን አልነካውም።»

«መርዙን ሸሽቶ ይሆናላ» አለ ደምለው።

«ስኳር ቢኖረው ቀምሶ የሞተ ጉንዳን እናይ ነበር። አንድም የለም። ሟች የጠጣው ስኳር የሌለው፣ ሌላ ከርከዴ ነው። ደምለው፣ ሻይ እንዴት ነበር የሚጠጣው?»

«በስኳር ያዝዛል፤ ሳይቀምሰው ይተወዋል። ይገርመኝ ነበር።»

«የስኳር በሽተኛ ነበር። ሥልጣኑን እንዳያጣ ሕመሙን ደበቀ። ያወቀችው ባለፈው ሳምንት ሽንቱን የመረመረችው ብቻ ናት፤ መዝገቡ ላይ ፊርማዋ አለ።» ከኪሱ ወረቀት አወጣ። «ይህ ደግሞ ከሟች ሻንጣ የተገኘ ደብዳቤ ነው። መንግሥት ለማዕከሉ የሚሰጠውን ድጋፍ ከሰረዘ ዓመት ሞልቶታል። ሀብትነሽ፣ ፋይል ስታመላልሺ አይተሽዋል።»

አልካደችም።

«እህቴ ጎንደር ሄዳ ጡቷን እንድትቆረጥ ቀን ተሰጥቷት ነበር። እሱ ግን ‹ለምርምሩ ሳትነካ እፈልጋታለሁ፤ ማዕከሉ እስኪሠራ ጠብቁ› አለን። እኔ ባለሙያዋ አምኜ አስቀረኋት! ደብዳቤውን ያየሁት ከቀበርኋት በኋላ ነው። ያን ከርከዴ ጨልጦ፣ ሆዱን ይዞ ‹ሐኪም ጥሪልኝ› ሲለኝ ‹ጠብቅ› አልሁት።»

ደምለው አማተበ። ጀምበሩ ካቴናውን አወጣ።

«ከመዘገባቸው በሕይወት ያሉት ስንት ናቸው?»

«አራት። ሁለቱ ጤና ጣቢያው በር ላይ እሱን እየጠበቁ ነው።»

ጀምበሩ ሁለቱን ሕሙማን ከእስረኛዋ ጋር በፖሊሱ መኪና አሳፍሮ የጎንደርን መንገድ ያዘ። መኪናው ከከተማው ሲወጣ ሀብትነሽ ወደ ፊት ጠጋ አለች።

«መቶ አለቃ፣ የቀሩት ሁለቱ ሕሙማን ገለጉ ከተማ ናቸው። ፈጥነው መኪና ይላኩላቸው።»