ረጅሙ የሌንስ ጥላ

«ይኼ አይሆንሽም፤ ሌላ ላሳይሽ» አሉ ሙሀመድየሱፍ፣ ሴትዮዋ ባንኮኒው ላይ ያስቀመጠችውን፣ ከሌንስ ፊት ተገጥሞ ፀሐይ የሚከልል ረጅም ጥቁር የብረት ቀለበት በጣታቸው እየገፉ። «ለየትኛው ካሜራ ነው?»

«ካሜራ የለኝም።»

«ካሜራ ሳይኖርሽ የሌንስ ጥላ? ላም ሳይኖር የወተት ግሬራ ማጠን አለ!»

«ልገዛ አይደለም የመጣሁት። ይኼ ከጋሽ ኪዳነ ወልድ ካሜራ ላይ የተፈታ ነው» አለችና መታወቂያዋን አሳየቻቸው።

ሙሀመድየሱፍ «አንቺ» ያለውን አፋቸውን በመዳፋቸው አበሱ። ከአሮጌ ራዲዮና ሰዓት ክምር መካከል በርጩማ አውጥተው ኢንስፔክተር የብርጓልን አስቀመጧት።

ኪዳነ ወልድ የሰፈሩን ሠርግና ክርስትና ሁሉ ያነሡ አዛውንት ነበሩ። ትናንት ጧት ጣና ዳር፣ ጀልባ ከሚቆምበት ድንጋይ ሥር ሰጥመው ተገኙ። ጋቢያቸው ድንጋዩ ላይ ታጥፏል፤ ካሜራቸው ከጋቢው ላይ፣ ቦርሳቸው ከጎኑ ተቀምጧል። ሚስታቸው በቅርቡ ስለሞቱ፣ በሰው ጉዳይ ለመፍረድ ቀጠሮ የማያበዛው ሰፈር ወዲያው «ራሱን ጣለ» ብሎ ፈረደ። ወሬው የደብሩ ካህን ቄስ ቢያዝን ዘንድም ደረሰ። ራሱን ላጠፋ ሰው ደግሞ ፍትሐት የለም። አንድ ልጃቸው ሊድያ አስከሬኑን ከሆስፒታል አውጥታ የት እንደምታደርሰው አጥታ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም።

«ኪዳኔ ይኼን ጥላ አይገጥምም» አሉ ሙሀመድየሱፍ።

«ምን ጎድሎት?»

«ርዝመቱ ተርፎት ነው እንጂ! ካሜራው የድሮ ነው፤ በሌንሱ ውስጥ አይታይበትም። ማያ መስኮቱ ከሌንሱ በላይ በጎን ነው። ይኼን ሲገጥሙበት በመስኮቱ ፊት እንደ ጉቶ ይገተራል፤ አንዱን ጥግ ይሸፍናል። አንድ ሠርግ ላይ ሚዜ መስሎት ያነሣው ምሰሶ ነበር፤ እስከ ዛሬ እንስቃለን።» ሊስቁ ሞክረው ተዉት። «ከዚያ እዚህ መጥቶ ያለኝን ሁሉ እየገጠመ እየፈታ፣ ጎኑ የተቀደደ አጭር ጥላ መረጠ። ፀሐዩን ይከለክላል፤ በቀዳዳው ደግሞ ያሳያል።»

«ረጅሙን ማን ሰጣቸው?»

«ክንዱ፣ የፎቶ ተማሪው። ከጎንደር ፈልጎ አምጥቶለት።»

«አይሆንም ብለው አልመለሱለትም?»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩዋት። «የእኔ እመቤት፣ ስጦታ ይመለሳል እንዴ?»

የብርጓል ከዚያ ወደ ፎቶ ቤቱ ሄደች። ሊድያ የአባቷን የካሜራ ቦርሳ ታቅፋ፣ በግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ሙሽሮች ሥር ተቀምጣ ነበር።

«አባትሽ ረጅሙን ጥላ የት ያስቀምጡት ነበር?»

«ከቦርሳው ሥር፣ በጨርቅ ጠቅልሎ። ክንዱ ሲመጣ አባቴ ቶሎ ብሎ አጭሩን ፈትቶ ረጅሙን ይገጥማል። ሲሄድ ይመልሰዋል። በገዛ ቤቱ እንደ ሌባ።» ድምጿ የሌላ ሰው ነገር የምታወራ ይመስላል። «ቄሱ ምን አሉ?»

«እስካሁን ምንም።»

ክንዱን ሐይቁ ዳር አገኘችው፤ ጎብኚ በዲጂታል ካሜራ እያነሣ ነው የሚውለው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ጋሽ ኪዳነ ወልድ የትኛውን ጥላ ነበር የሚጠቀሙት?»

«እኔ የሰጠኋቸውን ነዋ! ‹ዓይኔን አበራህልኝ› ነበር የሚሉኝ። ሌላማ አያውቁም።»

«ትናንት ጧት እዚህ መጥተህ ነበር?»

«አልመጣሁም፤ ቤቴ ነበርሁ።»

ከሰዓት በኋላ ሊድያን፣ ሙሀመድየሱፍንና ክንዱን ጀልባ መቆሚያው ድንጋይ ላይ ሰበሰበቻቸው፤ ቄሱም መጡ። የብርጓል ረጅሙን ጥላ ድንጋዩ ላይ አኖረች። አጠገቡ ጎኑ የተቀደደውን አጭር ጥላ አደረገች፤ ጠርዙ ተጨፍልቋል።

«ይኼንን ከቁንዝላ የመጡ ዓሣ አስጋሪዎች ከዚህ ድንጋይ ሥር አወጡልኝ» አለች። «ትናንት ጧት ካሜራው ላይ የነበረው ይኼ ነው። ካሜራው ድንጋዩ ላይ ሲወድቅ ተፈናጥሮ ውኃ ገባ። ከዚያ አንድ ሰው ረጅሙን ገጠመ።»

«ሟቹ ራሳቸው ቢገጥሙትስ?» አሉ ቄሱ።

«አባ፣ ሊሞት የቆረጠ ሰው ጥላ አይቀይርም። ፎቶ ሊያነሣ የወጣ ደግሞ ዓይኑን የሚጋርደውን አይገጥምም።»

ቄሱ ጎንበስ ብለው ሁለቱን ጥላዎች አስተያዩ።

«የገጠመው ሌላ ሰው ነው። መንገደኛ አይደለም፤ መንገደኛ ከቦርሳ ሥር ጨርቅ ፈትቶ ጥላ አይፈልግም። ረጅሙ ጥላ መኖሩን የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ናቸው። ሊድያና ጋሽ ሙሀመድየሱፍ ረጅሙ እንደማይሆን ያውቃሉ፤ እነሱ ቢሆኑ ካሜራውን ባዶውን ይተዉት ነበር። ያለዚህ ጥላ ካሜራው ጎዶሎ ነው ብሎ የሚያምን አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ማንም ወደ ክንዱ አልዞረም። እሱ ራሱ ነው ቁጭ ያለው።

«ካሜራው ካንተ በቀር ለማን ይሆናል ይሉኝ ነበር» አለ። «ትናንት ግን ለሊድያ ይሁን አሉ። ደረታቸውን ገፋ አደረግኋቸው፤ እንዲህ ብቻ። ድንጋዩ እርጥብ ነበር። ዋና አልችልም… ራሳቸው ትተውት የገቡ እንዲመስል ጋቢያቸውን አጠፍሁ፤ ካሜራው ባዶ ሆኖ ሳየው ጥላዬን ከቦርሳው አውጥቼ ገጠምሁበት።» ረጅሙን ጥላ አነሣና በውስጡ አየበት። «አይሆንም ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

«እንዳትቀየመው ነዋ» አሉ ሙሀመድየሱፍ።

ፖሊሶቹ ክንዱን ይዘውት ሄዱ። አንዲት ጀልባ ሞተሯ እያጓራ አለፈች፤ ማዕበሏ ድንጋዩን መታ። ቄስ ቢያዝን መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲያዛውሩ ቆይተው ወደ ሊድያ ቀረቡ።

«ልጄ፣ ፍትሐቱ ይደረጋል። አሁኑኑ ካህናቱን አስጠራለሁ። ሳናጣራ ብዙ አስጠበቅናቸው፤ ይቅር በዪን።»

ሊድያ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ግድ የለም፣ አባ። አባቴ እንደሆነ ዛሬ የሚቸኩልበት የለውም።»