ፔዳሉን የረገጠልኝ ሰው

ልንገርህ ወዳጄ፣ እኔ ጅንም ቆሌም አምኜ አላውቅም፣ እንዲያውም አብዮቱ ፈንድቶ ካድሬው «መንፈስ የአድኃሪ ወሬ ነው» ሲለን ከአዳራሹ ሁሉ አብልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ፣ እጁን ስለበረደው ነው የሚሉ ምቀኞች አሉ፣ አትስማቸው።

በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን ነው። የእርዳታ እህል አራግፌ መካነ ሰላም አድሬያለሁ። መኪናዬ ጀርባዋ ሸራ የሆነ የናፍጣ አሮጊት ናት፣ ጠዋት ጠዋት እንደኔው ስትስል ቆይታ ትነሳለች፣ እግሬን ከነዳጅ ፔዳሉ ባነሳሁ ቁጥር ግን ጸጥ ትላለች፣ ካልሞቃት ያለ እግሬ አትሠራም።

ጎህ ሲቀድ በጉሙ ውስጥ ቃሬዛ ይዘው መጡ። ምጥ ጠንቶባት የሰነበተች ሴት ናት። ባልዋ ይመር ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ተሸካሚዎቹንም ረሃቡ አጥንት ብቻ አድርጓቸዋል።

«ወንድምአለም፣ በማርያም፣ አቀስታ ጤና ጣቢያ አድርስልን፣ ልታመልጠኝ ነው» አለኝ።

ተሸካሚዎቹን አልቆጠርኩም። ቃሬዛ መቼም በአራት ሰው ነው የሚያዝ፣ ማን ይቆጥራል?

ጫንናት። ሞተሩ ተነሳ፣ እግሬን አነሳሁ፣ ጠፋ። ደገምኩ፣ ጠፋ። ባትሪው ማቃሰት ጀመረ፣ ከእንግዲህ ቢያነሳ አንዴ ነው። የናፍጣው ማጣሪያ አየር እየሳበ እንደሆነ ገባኝ፣ ቀዳዳውን ሞተሩ እየሠራ ማየት አለብኝ፣ ግን እግሬን ፔዳል ላይ ትቼ እጄን ኮፈኑ ውስጥ እንዴት ላድርስ፣ ቁመቴን ታውቀው የለ፣ ሁለት እኔ ቢደራረቡም አይበቁም። በዚያ ላይ ያቆምኩት ቁልቁለት ላይ ነው፣ የእጅ ፍሬኑም ከሞተ ቆይቷል።

«ጎማውን በድንጋይ ደግፉ! አንድ ሰው ደግሞ ጋቢና ይግባና ይህን ይርገጥልኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ሞተሩን እንዳስነሳሁ ቡልኮ የተከናነበ ሰው በወዲያኛው በር ገባ፣ እግሩን ከእግሬ አጠገብ አሳረፈ፣ ወላሂ ስልህ፣ ቅዝቃዜው ሱሪዬን አልፎ ተሰማኝ። ወርጭ ነው ብዬ ወረድኩ።

«ጨምር!» ስል ይጨምራል፣ «ቀንስ!» ስል ይቀንሳል፣ ይህ ባላገር ሹፌርነት የት ተማረ ብዬ ቀናሁበት። ቀና ስል ግን የሁላችን ትንፋሽ እንደ ጭስ ይወጣል፣ በእሱ በኩል ያለው መስታወት ጥርት ብሎ ነው ያለው።

የላላውን ብሎን አገኘሁት፣ አጠበቅኩት፣ ከናፍጣው ጋር ይወጣ የነበረው አረፋ ቀረ። «በቃ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ልቀቅ!» አልኩ። ሞተሩ ዝቅ ብሎ ረጋ፣ አልጠፋም። ኮፈኑን ስከድን ጋቢናው ባዶ ነው። በሩ ሲከፈት አልሰማሁም።

«ይመር፣ ያ ሰውዬ የት ሄደ?»

«የቱ?»

«ፔዳል የረገጠልኝ ነዋ!»

«እኔና ወንድሜ ጎማው ሥር ነን፣ አጎቴ እሷን ደግፏል፣ ሌላ ማን አለ?»

«አራተኛው ተሸካሚስ?»

የመለሰልኝ የይመር ወንድም ነው። «ጎረቤታችን አሊ ነበር። ስንመጣ ዳገቱ ላይ ጉልበቱ ከዳው፣ ‘ሂዱ፣ እደርስባችኋለሁ’ ብሎ ተቀመጠ።»

«ይኸው ደረሰባችኋ!» ብዬ ለመሳቅ ሞከርኩ፣ ማንም አልሳቀልኝም፣ ወጥቼ መሪውን ጨበጥኩ።

መንገዳችን በዚያው ዳገት ነው። አሊ የተቀመጠበት ጋ ስንደርስ ይመር «አቁም!» አለኝ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ ለጎማው ድንጋይ አደረግን። በትሩ መሬት ላይ ተጋድሟል፣ ሰው የለም። «አሊ! አንተ አሊ!» እያለ ጉሙ ውስጥ ገባ። ከሸራው ሥር የሴትየዋ ማቃሰት እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ። እኔ ከጋቢናው ውጭ በሩን ይዤ ቆሜያለሁ፣ ሁለቱም እግሮቼ መሬት ላይ ናቸው፣ ይህን ልብ በልልኝ። ፔዳሉ ቀስ ብሎ ወረደ። ሞተሩ ጮኸ። ተለቀቀ፣ ደግሞ ወረደ፣ አሁን አጥብቆ።

ይመር ከጉሙ ወጣ፣ እንባው አገጩ ላይ ደርቋል።

«ሂዱ ነው የሚለን» አለ።

ሄድን። አቀስታ ደርሳ ተገላገለች፣ እሷም ልጇም ተረፉ። አሊን ግን እነ ይመር ተመልሰው ዳገቱን ቢያስሱ እሱንም ሬሳውንም ያገኘ የለም። እኔን እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሌላ ነው፤ ያን ቀን አቀስታ ስንደርስ ሁሉንም «ውረዱ» ብዬ አወረድኩ፣ እሱን ግን «ውረድ» ያለው ሰው የለም።