ዘጠኝ ሲቀነስ ሦስት ሲቀነስ ሁለት

«ስምንት!» አለ የሚጣ ጓደኛ ቀጮ፣ ኮምፒውተሩ ያወጣውን መልስ አይቶ ሆዱን ይዞ እየሳቀ። «ዘጠኝ ሲቀነስ ሦስት ሲቀነስ ሁለት፣ ስምንት! ዓርብ የአራተኛ ክፍል ልጆች መሳቂያ ያደርጉናል እኮ!»

ሚጣ አልሳቀችም። ይህን ስህተት ትናንት በገዛ እጇ አስተካክላዋለች። ከትናንት ወዲያም እንዲሁ።

«አንተ ነህ የምታጠፋብኝ።»

«እኔ? ኧረ በናትሽ! ፋይሉን ጫፉንም አልነካሁት።»

«ታዲያ ሰይጣን አጠፋው?»

በእረፍት ሰዓት ለኮምፒውተር መምህርቷ ነገረቻቸው። እሳቸውም ዓርብ ለአራተኛ ክፍል ፕሮግራሙን ከሚያሳዩት ልጆች መካከል የቀጮን ስም ሰረዙ። እሱ ገና አልሰማም። አራተኛ ክፍል ያለችው ታናሽ እህቱ ግን «ወንድሜ ነው የሚያሳየን» ብላ ለክፍሉ ሁሉ አውርታለች።

በምሳ ሰዓት ሚጣ ኮምፒውተር ክፍል ብቻዋን ተቀመጠች። የሠሩት ነገር ራሱ ደስ ይላል፤ ፕሮግራም የሚጽፍ ፕሮግራም። የሒሳቡን ሕግ ሲሰጡት፣ ቴምፕሌት ከሚባለው፣ እዚህም እዚያም ባዶ ቦታ ከተተወለት ኮድ ላይ ይገለብጣል፤ ክፍተቱን ይሞላል፤ ሒሳብ አንብቦ መልስ የሚሰጠውን ኮድ ጽፎ ያስረክባል። በአንዲት ትእዛዝ ሦስት መቶ መስመር!

ስህተቱን ከተጻፈው ኮድ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ አረመችው። አራት። ተመስገን። ከዚያ፣ ማለዳ ማለዳ እንደምታደርገው፣ «ኮዱን ጻፍ» የሚለውን ትእዛዝ ሰጠች።

ስምንት።

ዞር ብላ አየች። ክፍሉ ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም የለም።

ሁልጊዜ ዘላ የምታልፈውን የፋይሉን የመጀመሪያ መስመር አነበበች፦ «ይህ ኮድ በፕሮግራም የተጻፈ ነው፤ በእጅ አይታረም።» ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። ለካ ትእዛዙን በሰጠች ቁጥር ፕሮግራሙ ከቴምፕሌቱ እንደ አዲስ እየጻፈ የእሷን እርማት ድራሹን ሲያጠፋው ነው የከረመው።

ቴምፕሌቱን ከፈተች። መጀመሪያ ከሦስት ሁለትን እየቀነሰ ከቀኝ ይጀምር የነበረውን መቀነስ ከግራ እንዲጀምር አደረገችው። አንድ መስመር ብቻ። ትእዛዙን ሰጠች፤ አራት። ደገመች፤ አራት! በተሽከርካሪው ወንበር ሦስቴ ዞረች።

አሁን ዝም ብትል ማን ያውቃል?

የመምህራን ክፍል በር ገርበብ ብሏል። መምህርቷን ብቻቸውን የምታገኛቸው መስሏት ነበር። ሰባት ስምንት መምህራን ሻይ ይዘው ይሳሳቃሉ።

«ሚጣ፣ ተስተካከለ?» አሉ መምህርቷ።

«አዎ ቲቸር።»

«ጎበዝ!»

በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። «ሳጠፋው የከረምኩት ግን እኔ ነኝ። ቀጮ ምንም አላደረገም። ስሙን ይመልሱለት።»

ሳቁ ቆመ። መምህርቷ እስክሪብቷቸውን አወጡ። «እሺ። ደግነቱ እሱ አልሰማም።»

«እነግረዋለሁ» አለች ሚጣ።