የሚያስለው እቶን

እኔ ጠንቋይ ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፣ ቡዳ ቢሉኝም ዛር ቢሉኝም ከት ብዬ ነው የምስቀው፣ ዓረብ አገር ሰው ቤት ስሠራ እንኳ እመቤቲቱ «ጂኒ አለበት» ብላ ዝር በማትልበት ምድር ቤት ስድስት ዓመት ብቻዬን ያንኮራፋሁ ሰው ነኝ። እና የምነግራችሁን ስትሰሙ «ይቺ ሴትዮ ድሮም ያደርጋት ነበር» እንዳትሉ አደራ። ደግሞ የሰው ሁሉ ገጠመኝ ሌሊት ነው አይደል? የእኔ በጠራራ ፀሐይ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሆዴ እየጮኸ ነው።

የምሠራው ደብረ ታቦር፣ አንዲት ትንሽ ሙዚየም ውስጥ ነው። ጓሮው ላይ የመስተዋት ማቅለጫ እቶን ነበረን፤ የተሰበረ ጠርሙስ ይቀልጥበትና ጋሼ ሞላ የሚባሉ አዛውንት በረጅም የብረት ቧንቧ እየነፉ ጎብኚው ፊት ብርሌ ያወጡበታል። የእኔ ሥራ ጠርሙስ ማጠብ፣ መጥረግና ቧንቧ ማቀበል ነው፣ እመኑኝ፣ አንዲት ቀን እንኳ ነፍቼ አላውቅም። «ቆይ፣ ሳንባሽ ገና ጨቅላ ነው» ይሉኛል።

እቶኑ ግን አረጀ፣ ሆዱ ተሰነጠቀ፣ ጭሱ በጭስ ማውጫው መውጣቱን ትቶ በየስንጥቁ የጎብኚ ዓይን ማስለቀስ ጀመረ። ኃላፊያችን አቶ ይርጋ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አዲስ እቶን አስመጡና «አሮጌው ይፈርሳል፣ አዲሱን የሺ ትለምደዋለች» አሉ። የሺ እኔ ነኝ። ደስም አለኝ፣ አፈርኩም፣ ምክንያቱም ጋሼ ሞላ እዚያው ቆመው ነበር። እቶኑን መታ መታ አደረጉትና «ወገቤን ልታጠብ ወንዛዬ ፍል ውሃ እወርዳለሁ፣ ሲፈርስ አላይም» ብለው ሄዱ።

እሳቱ ከጠፋ ሰባት ቀን ሆነው። የጉናን ብርድ ታውቁት የለ፣ ጡቡ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። ከሐሙሲት የመጣ ደሳለኝ የሚባል ግንበኛ ከላይ ጀምሮ ጡቡን ያነሣል፣ እኔ እቀበላለሁ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስንደርስ ከውስጥ «ፉ...» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ነፋስ ነው አልኩ። ቆየት ብሎ እንደገና «ፉ...»፣ አሁን ረዘም ያለ፣ አየር ሳብ አድርጎ እንደሚነፋ ሰው። ደሳለኝ አየኝ፣ እኔም አየሁት፣ ሁለታችንም «እሱ አልሰማም ይሆናል፣ እሷ አልሰማችም ይሆናል» ብለን ሥራችንን ቀጠልን። ከዚያ እቶኑ ሳለ።

ሳል ነው የምላችሁ! «እህ፣ እህ፣ እህህህ»፣ ቁርጥ የጋሼ ሞላ ሳል፣ በገበያ መሐል እንኳ የምለየው። ደሳለኝ «በስመ አብ!» ብሎ ጡቡን ለቀቀው፣ በሩ ተከፍቶ እያለ በአጥር ዘለለ፣ ሱሪው ሽቦው ይዞት ከኋላ እስከ ጉልበቱ ተተረተረ። እኔ ደግሞ አኩርፈው ውስጥ ገብተው የተቀመጡ መስሎኝ «ጋሼ! ይውጡ እንጂ፣ ይሄ ለወገብዎ አይሆንም!» ብዬ ጮህኩ። ማንም ብቅ ሲል ባላይ ስልክ ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ የት ነዎት?»

«ወንዛዬ ነኛ! እስከ አንገቴ ፍል ውሃ ውስጥ ነኝ፣ ስልኩንም ሰው ነው የያዘልኝ።» የውሃው መንቦጫረቅ ይሰማኛል።

«አሁን አስሎዎት ነበር?»

«ምን ያስለኛል በዚህ ሙቀት! እዚህ ከመጣሁ ሳሉ ጭራሽ ለቀቀኝ። ምነው?»

«ኧረ ምንም፣ ለጤናዎ ብዬ ነው።»

ለቀቀኝ ይላሉ፣ ወዴት እንደሄደ በምን አፌ ልንገራቸው!

ደሳለኝን ለምነን፣ የአቶ ይርጋን ካፖርት ወገቡ ላይ አስረንለት መለስነው። አቶ ይርጋ «ይሄ ሳይንስ ነው፣ ጡብ ሲቀዘቅዝ ድምፅ ያሰማል» አሉ፣ ያሉት ግን ከበሩ ማዶ ቆመው ነው። ደሳለኝ የውስጡን ጡብ ሲያነሣ እጄን ሰደድኩ። አንድ ብርሌ አለ። ምንም ስንጥቅ የሌለው፣ አመድ እንኳ ያልነካው ብርሌ። ደግሞ ሞቃት ነው፣ እመቤቴን፣ ዶሮዋ አሁን ተነሥታ እንደሄደችለት እንቁላል!

በማግስቱ ጋሼ ሞላ ተጠርተው መጡ። ብርሌውን ወደ ፀሐይ አንሥተው ብዙ አገላበጡት።

«የእኔ አይደለም» አሉ።

«ታዲያ የማን ነው? እዚህ ከእርስዎ ሌላ ማን ነፍቶ ያውቃል?» አሉ አቶ ይርጋ፣ የመመዝገቢያውን ቅጽ እንደያዙ።

«የእኔ ብርሌ አንገቱ ወደ ቀኝ ዘንበል ይላል። ይሄ ወደ ግራ ነው፣ የነፋው ግራኝ ነው።» ከዚያ ቀስ ብለው መጥረጊያ የያዘውን እጄን አዩት። ግራኝ ነኝ፣ ምን ላድርግ፣ እንዲህ ነው የፈጠረኝ።

«ጋሼ፣ በመድኃኔ ዓለም፣ እኔ አልነፋሁም!»

«ማን ነፍተሻል አለሽ?» አሉ፣ ከመጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብለው። «ትነፊያለሽ ነው እንጂ። አዲሱ እቶን ሰኞ ይለኮስ፣ አጠገብሽ እቆማለሁ።»

አቶ ይርጋ «የሠሪው ስም» የሚለውን ቦታ ባዶውን ተዉት። ብርሌው አሁን ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ጠዋት ጠዋት ልወለውል ስገባ ውስጡን ጉም ለብሶ አገኘዋለሁ፣ ልክ ሰው አሁን እንደተነፈሰበት። ሰኞ ነገ ነው። እኔም የምነፋው ብርሌ አንገቱ ወደ ግራ እንዳያዘነብል በቀኝ እጄ ነገር መያዝ እየተለማመድኩ ነው፣ ማንኪያውን፣ መጥረጊያውን፣ ስልኩን ሁሉ፤ ሽሮው ደረቴ ላይ እየፈሰሰ እንኳ አልተውኩም። ቀኜ ግን እምቢ ብሏል።